የዘለልኩት አያት

ጨዋታው ቤቴ የገባው ሳልጠራው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤትም አንድ ሳምንት ይከፈትና ሁለት ሳምንት ይዘጋል። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ባልደረባዬ በትርፍ ጊዜው ኮምፒውተር ይጠግናል። ላፕቶፔን ሊያጸዳልኝ ወስዶ ሲመልስልኝ፣ "አንድ ጨዋታ ጭኜልሃለሁ፤ ቤት ተዘግተህ ከምትበሰብስ እሱን ሞክር" አለኝ። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዳማ በቀር ጨዋታ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ለሦስት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ከፈትኩት፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል አልዘጋሁትም ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በነበረ፣ ባሕር ማዶ ባለ አገር አንድ ባላባት ትሆናለህ። ትንሽ መሬት አለህ። ታገባለህ፣ ትወልዳለህ፣ ከጎረቤት ትጣላለህ፣ ታረጃለህ፣ ትሞታለህ። ስትሞት ግን ጨዋታው አያልቅም፤ የበኩር ልጅህን ሆነህ ትቀጥላለህ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። አባት ሲሞት መሬቱ ለወንዶች ልጆች ይከፋፈላል፤ ዕድሜህን ሙሉ የሰበሰብከው በአንድ ቀን ይበታተናል፤ የገዛ ወንድምህም በነጋታው ጠላትህ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ ሥራህ ልጆችህ ገና ሳያድጉ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ የማን ርስት በማን በኩል ወደ ቤትህ እንደሚመለስ ማውጣት ማውረድ ነው። ተኩስ የለበትም፣ ሩጫ የለበትም። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በማንበብና የትውልድ ሐረግ በመመርመር ነው። ተኩስ ቢኖርበት ኖሮ አፍሬ እተወው ነበር። ይኼ ግን ጥናት ይመስላል፤ ራሱን ማታለል የሚፈልግ ሰው ደግሞ እንደዚህ ዓይነቱን ነው የሚወደው።

እንግዳ ነገርም አልሆነብኝም። በእኛ አገር በአያቶቻችን ዘመን መሬት የሚጠየቀው በትውልድ ነበር። ርስት የሚፈልግ ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ እየቆጠረ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ አንድ ስም ከሳተ መሬቱንም ሳተ ማለት ነው። አባቴ አምበር አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው። ልጅ ሳለሁ ስለ አያቱ የርስት ክርክር ሊያወራኝ ሲጀምር እንቅልፌ ይመጣ ነበር። ማን ለማን ምስክር ቆመ፣ የማን ምስክር የማንን አያት ስም አሳስቶ ጠራ፣ ሙግቱ ስንት ክረምት ወሰደ እያለ ይቀጥላል። ያን ሁሉ ከአባቴ አፍ ለመስማት ትዕግሥት አጥቼ በስተርጅና ከላፕቶፕ ተማርኩት።

አመሉ ቀስ ብሎ ነው የያዘኝ። መጀመሪያ ሌላ ሥራ ሳጣ ብቻ እጫወት ነበር። ቀጥሎ መብራት የሚመጣበትን ሰዓት እየጠበቅሁ ቀኔን በእሱ ልክ መቁረጥ ጀመርኩ። ምሳ መብላት ረሳሁ። የአንድ ባልደረባዬ እናት አርፈው ለቅሶ ሳልደርስ ሠልስቱ አለፈ፤ እኔ ያን ሰሞን ንጉሥ ለመሆን የበቃው የላፕቶፑ ባላባቴ በድንገት ሞቶብኝ የልጆቹን ጠብ ሳስታርቅ ነበር። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሴትዮ በመስኮት አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ፣ "መምህር፣ ዛሬም ፀሐይ አላዩም?" ይሉኛል። ፈተና እያረምኩ ነው እላቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ አንድ ወር እንደሞላው ሴትዮዋም ያውቃሉ፤ ግን ደግ ሰው ስለሆኑ "በርቱ" ብለው ይሄዳሉ።

ለምን እንደዚያ እንደያዘኝ ብዙ አስቤበታለሁ። ሥራ መፍታቴ ብቻ አይደለም። እኔ ሰው ፊት የማልደፍር ሰው ነኝ። ስብሰባ ላይ እጄን ሳነሣ ልቤ ይመታል፤ ሰው ከተቆጣኝ ሳምንት ሙሉ ከሆዴ አይወጣም። ክፍል ውስጥ የምዝናናው ቁጥር ስለማይቆጣ ይመስለኛል። በጨዋታው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ስሙ አጠገብ ቁጥር አለው፤ ምን ያህል እንደሚወድህ፣ ምን ያህል እንደሚጠላህ በቁጥር ተጽፏል። ብትሳሳት የሚታዘብህ የለም። ወደ ኋላ ተመልሰህ ከተሳሳትክበት ቦታ እንደገና ትጀምራለህ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የበለጠ ገነት የለም። የዚያን ቤት ዘር እስከ አሥራ ሁለት ትውልድ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በወረርሽኝ እንደሞተ፣ ማንን ወንድሙ እንደመረዘው። የራሴን ከቅድመ አያቴ በላይ አላውቅም። ይኼ ነውር መሆኑንም አላውቅም ነበር፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ።

የተጠየቅሁት በጥር ነው።

እህቴ ከእኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች። ደጀን ላይ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶላት ሁለቱንም ጊዜ አልፈልግም ብላ አባቴን አሳዝናዋለች። ያን ጥር ግን ራሷ ደወለችልኝ። "አያ፣ አንድ ሰው አለ" አለችኝ። እዚያው ደጀን የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ከተዋወቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ እሱ ብዙ አላለችም። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ለክሊኒካቸው መድኃኒት ፍለጋ ከእሷ ጋር ስንት ቦታ እንደተንከራተተ ብቻ ነገረችኝ። "ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ አባዬን አንተ አለዝብልኝ" አለች። ከዚያ በፊት ደስ ብሏትም ፈርታም ሰምቻት አውቃለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን ሰምቼባት አላውቅም። እሺ አልኳት። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ በቀኝ እጄ እየተጫወትኩ ነበር።

አባቴን ማለዘብ እንኳ አላስፈለገም፤ ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀበላቸው። ነገር ግን የልጁም የእኛም አያቶች ከመርጡለ ማርያም ወገን የመጡ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ዘር ሳይቆጠር ቃል አይሰጥም። ሁለቱ ቤተ ሰቦች የሚገናኙበት የጋራ አባት ካለ፣ ከልጁም ከልጅቷም ወገን እስከ እሱ ድረስ ሰባት ቤት መሙላት አለበት። ሰባት ከሞላ ዝምድናው አልቋል፣ ይጋባሉ። አንድ ከጎደለ ወንድምና እህት ናቸው፤ የሚከራከር የለም። አባቴ ሽማግሌዎቹን ለቅበላ ሰሞን ቀጠራቸውና ደወለልኝ።

"የኛን ቆጠራ የሚያውቁት እማሆይ ብቻ ናቸው" አለኝ። "ለዓይናቸው ማርቆስ ይመጣሉ፤ የሚያርፉትም አንተ ጋ ነው። ከአፋቸው ተቀብለህ ጻፍ። ከኛ የተማርክ አንተ ነህ።"

እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው መርጡለ ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ባለች ጎጆ ይኖራሉ። የዓይን ሞራ እስኪጋርዳቸው ድረስ ዳዊት ሳይደግሙ አይውሉም ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ነበር፤ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የቀኙን ገፈፉላቸውና በፋሻ ሸፍነው ወደ እኔ ቤት ሰደዷቸው። ለሦስት ቀን አልጋዬን ለቅቄላቸው መሬት ላይ ተኛሁ። በዚህ በኩል አልታማም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። እማሆይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ዓይናቸው በፋሻ፣ ሌላው በሞራ ተሸፍኗል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍቼ ነበር። አጠገቡ ደብተርና እስክሪብቶ አለ።

"አባትህ ያለህን ዛሬ እንጨርሰው" አሉኝ። "እኔ ልበል፣ አንተ ጻፍ። ከነሱ ጋር እስከምንገናኝበት፣ አገሩን እስካቀናው አባት ድረስ አደርስሃለሁ። ስንት ቤት እንደሆነ እነሱው ይቁጠሩት።"

"እሺ እማሆይ፣ ይበሉ" አልኳቸው።

ጨዋታውን ማቆም ይቻላል። አንዲት ቁልፍ ከነካህ ሁሉም ነገር ባለበት ቀጥ ይላል። አላቆምኩትም። የሚጻፈው ጥቂት መስመር ነው፤ በአንድ እጄ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር።

እማሆይ ሲቆጥሩ አይቸኩሉም። ስም ጠርተው አያልፉም፤ ሰውየውን ከነታሪኩ ያነሡታል። አንዱ ለጋስ ነበር፣ አንዱ በሙግት ያረጀ ነበር፣ አንዱ ሚስቱን ከአባይ ማዶ አምጥቶ ሰው ሁሉ ታዝቦት ነበር። ይኼን ይሉና ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉት እኔ እስክጽፍ ነው። ማውሱ ጠቅ ጠቅ ሲል የምጽፍ ይመስላቸዋል። ዱሮ በብዕር የሚጻፈው አሁን በመኪና እንደሚጻፍ ሰምተዋል። እንዲያውም አንዴ "እጅህ ፈጣን ነው፣ ተባረክ" አሉኝ።

እጽፍ ነበር፤ ጨርሶ አልጻፍኩም አላልኩም። አንዱን ስም ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ፣ ወደ ስክሪኑ እመለሳለሁ፣ "ከዚያስ እማሆይ?" እላለሁ። መሐል ላይ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ መልስ ካልሰጠሁት የማያልፍ ጥያቄ። እሱን ሳነብ፣ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። የእማሆይ ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ ጎረቤት ቤት የሚወራ ወሬ እንደሚሰማው ነው። ዝም አሉ። እኔም መልሴን ሰጥቼ ማውሱን ጠቅ አደረግኩ።

"ጻፍከው?" አሉኝ።

"ጻፍኩት እማሆይ።"

"ጎሽ። እንግዲህ እሱን የወለደው…" ብለው ቀጠሉ።

ሲጨርሱ "ዘርህን የጻፍክ፣ ዘርህ አይጥፋ" ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። በማግስቱ መኪና ተገኝቶ ወደ አገራቸው ሸኘኋቸው። ከደብተሩ ላይ ያለውን በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት። አንድ ጊዜ እንኳ ስንት መስመር እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ቀጠሮው ሲደርስ አምበር ሄድኩ። የልጁ ወገን አምስት ሆነው መጥተዋል፤ ከእኛ ወገን አባቴ፣ የንስሐ አባታችንና ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ጠላ ቀርቧል። እህቴ በጓዳ በኩል ናት፤ በመሐላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። ከመግባቴ በፊት ክንዴን ይዛ፣ "ወረቀቱን ይዘሃል?" ብላኝ ነበር። ኪሴን መታ መታ አድርጌ አሳየኋት። ሳቅ አለች።

መጀመሪያ ከእነሱ ወገን አንድ ሽማግሌ ቆጠሩ። ወረቀት አልያዙም። ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ወረዱት። የንስሐ አባታችን በጣታቸው እየያዙ "ሰባት" አሉ። ተራው የእኔ ሆነ። ተነሥቼ፣ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ስጨርስ ቄሱ ጣታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"ስድስት ነው" አሉ።

አባቴ "እንደገና አንብበው" አለኝ። እንደገና አነበብኩት። ስድስት ነው።

እኒያ በቃላቸው የቆጠሩት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አንድ ሰው የዘለልክ መሰለኝ" አሉ፣ በጣም በትሕትና። "የናንተም ወገን ሰባት መሆኑን ካባቴ ሰምቻለሁ። ስሙ ጠፋብኝ እንጂ፣ ደወል ሲሰቅል ከዛፍ ወድቆ እጁ የተሰበረ ሰው ነበረ። እሱን አላነበብከውም።"

ሰው ሁሉ አየኝ። ያቺን ደቂቃ ብዙ ጊዜ ተመልሼባታለሁ። ስለ ደወል ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ከኋላዬ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ። ስሙን አልሰማሁም፣ ታሪኩን አልሰማሁም፤ ደወል የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበረ። ማለት የነበረብኝ "ዘልዬ ይሆናል፤ እማሆይ እንደገና ይጠየቁ" ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ "እንዴት ዘለልክ?" የሚል ጥያቄ ነው። ቄስ ባሉበት፣ አባቴ ባለበት፣ ዓይናቸው የታሰረ መነኩሲት ዘር ሲቆጥሩልኝ ጨዋታ ላይ ነበርኩ ልበል? ጎልማሳ ሰው፣ መምህር?

"ከእማሆይ አፍ እንደወረደ የጻፍኩት ነው" አልኩ።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። "ወረቀት ካለማ የኔ አፍ ምን ያደርጋል" ብለው ጠላቸውን አነሡ። ይኼ እስካሁን ያበሳጨኛል። ዕድሜውን ሙሉ ትውልድ በቃሉ ይዞ የኖረ ሰው ለእኔ ቁራጭ ወረቀት እጁን ሰጠ። አባቴም እንዲሁ ነው፤ የጻፈው የተማረው ልጁ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። እማሆይን መልሶ ለመጠየቅም አልተቻለም፤ ያን ሰሞን ወደ መርጡለ ማርያም መንገዱ ተዘግቶ ስልኩም አይሠራም ነበር። ጾም ሊገባ የቀረው ሦስት ቀን ነው፤ የልጁ ወገን ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋል። አባቴ ተነሣና "ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው። እግዜር አተረፈን" አለ። ቄሱ አሜን አሉ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

እህቴ አላለቀሰችም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ውሃ ልቅዳ ብላ በጓሮ በኩል ሄደች። ስትመለስ እንደ ወትሮው ምግብ አቀረበችልኝና "ብላ እንጂ አያ" አለችኝ። አባቴን ስለ ከብቶቹ ጠየቀችው። በነጋታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጁ ከፋሲካ በኋላ ሌላ አገባ፤ ቤተ ሰቦቹ ናቸው ያጣደፉት። የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በስልክ፣ ስለ ዝናቡ ካወራችኝ በኋላ። ደህና ናት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ደህና አልነበረችም፤ እኔም አውቄዋለሁ።

ማርቆስ ተመልሼ ያደረግሁትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ጨዋታውን ከፈትኩ። በዚያ ክረምት የተጫወትኩትን ያህል ከዚያ በፊት ተጫውቼ አላውቅም። ሽማግሌው ተሳስተው ይሆናል እላለሁ። የልጁ ወገን ስለሆኑ አድልተው ይሆናል እላለሁ። እማሆይ ራሳቸው ዘንግተው ቢሆንስ እላለሁ። ደወል የሚለውን ቃል ከእማሆይ የሰማሁት ሳይሆን ከሽማግሌው ከሰማሁ በኋላ የመሰለኝ ቢሆንስ? ጥርጣሬ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምቹ ቤት ነው፤ እርግጡን ካወቀ ተነሥቶ መሄድ ይኖርበታል። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ምንም ማድረግ አይቻልም እያልኩ መንገዱ እንዳይከፈት ስመኝ የነበረ ይመስለኛል።

መስከረም ጠባ፣ መንገዱም ተከፈተ። እማሆይ ለግራ ዓይናቸው መጡ። ቀኙ በርቶላቸዋል። ቤቴን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ያኔ ያሳደርከኝ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ውስጥ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ትምህርት ተከፍቶ ስለነበር ያን ቀን እንኳ በላፕቶፑ የምሞላው የተማሪዎች ውጤት ነበር። ማውሱ ጠቅ ጠቅ ይላል። እማሆይ አዳመጡ፤ ከዚያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"የኔን ቆጠራ የጻፍክበት ይኼ ነው?"

"አይ፣ እሱ ደብተር ላይ ነው እማሆይ።"

"ደብተር እንዲህ ጠቅ ጠቅ ይላል እንዴ?"

ማውሱን ለቀቅኩት። "እስቲ አምጣው" አሉ፤ "ዓይኔ ከበራ ወዲህ አላየሁትም።" ወረቀቱን ከሻንጣዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ተጠግተው ዳዊት እንደሚደግሙ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው አራተኛው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

"ደወል የሰቀለውን የት ጣልከው?" አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጨዋታው፣ ስለ ስድስቱ፣ "ጻፍኩት" ስላልኩት። ጋብቻው መቅረቱን ሰምተዋል፤ ልጅቷ እንደ ዱሮው አልፈልግም ያለች ነበር የመሰላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። "ዓይኔ ታስሮ ነበር፤ በጆሮዬ ነው ያመንኩህ" አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙ። "ለኔ ምኔ ጎደለ? የጎደለባትን ሂድና ንገራት።" ከዚያ እስክሪብቶ አስመጥተው የዘለልኩትን ስም አስጻፉኝ። በአራተኛውና በአምስተኛው መስመር መሐል ቦታው ጠባብ ስለነበር ፊደሎቹ ደቃቅ ሆኑ።

ደጀን ለመሄድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በስልክ ልንገራት ብዬ ደውዬ ስለ ጤናዋ ጠይቄ ዘጋሁ። ለፊዚክስ አስተማሪው ባልደረባዬ ነገርኩት፤ "የሂሳብ መምህር ሆነህ እስከ ሰባት መቁጠር አቃተህ?" ብሎ ሳቀና ፊቴን ሲያይ ወንበር ሳበልኝ። ጨዋታውን አላጠፋሁትም፤ አጠፋሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ከፍቼ ያን ትልቅ የትውልድ ሐረግ ከላይ እስከ ታች አየሁት። በአሥራ ሁለት ትውልድ ውስጥ አንድ ሰው አልዘለልኩም። እያንዳንዱን ድሬዋለሁ፣ የእያንዳንዱን ሞት አስታውሳለሁ። ትኩረት የሚባል ነገር የለኝም ብዬ ለራሴ ምሕረት ለማድረግ እንኳ አልቻልኩም። ትኩረቱ ነበረኝ፤ የሰጠሁት ለሌላ ነው።

ቅዳሜ ጧት ተሳፈርኩ። ደጀን ስደርስ ከአባይ በረሃ የወጡት ከባድ መኪናዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ሾፌሮቹ ጎማ እየዞሩ ያያሉ፣ ሻጮች ሙዝና ውሃ ይዘው በመስኮት ይንጠለጠላሉ። ወደ ክሊኒኩ ስሄድ በመለዋወጫ ሱቆቹ በኩል ማለፍ ነበረብኝ፤ የትኛው የእሱ እንደሆነ ስለማላውቅ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። እህቴ ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ወጣች። ሳልነግራት መምጣቴ አስደንግጧት፣ "አባዬ ምን ሆነ?" አለች። ምንም አልሆነም አልኳት። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

"ሰባት ነበር" አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ። ወረቀቱን አውጥቼ መሐል የገባውን ደቃቅ ስም አሳየኋት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"ሽማግሌው ደወል ሲሉ፣ አውቀሃል?"

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ጠርጥረህ ነበር" ብላ ደገመችው። እጇን ተመለከተች፤ ጓንት ስታደርግ ስታወልቅ የደረቀ እጅ ነው። "እኔ ከግድግዳው ኋላ ሆኜ ምን እል እንደነበር ታውቃለህ? ደግነቱ የሚያነበው እሱ ነው፣ እሱ አይሳሳትም እል ነበር።"

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሱ አነሰብኝ። እሷም አልተቀበለችውም፣ አልመለሰችውምም። አባዬ ያውቃል ወይ አለችኝ። ገና ነው አልኳት። "ዛሬውኑ ሂድና ንገረው" አለች። "በሄድኩ ቁጥር እግዜር አተረፈሽ ይለኛል። ከምን እንደተረፍኩ ይወቅ።" እሺ አልኳት። በሩ ላይ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ተራ ትጠብቃለች። እህቴ ተነሥታ ገዋኗን አራገፈች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

"እማሆይ ስሙን ሲጠሩ" አለች፣ "ስክሪኑ ላይ የመጣው ጥያቄ ምን ነበር?"

ልዋሻት አስቤ ነበር።

"ሠርግ ነው" አልኳት። "የንጉሡ ልጅ የአጎቱን ልጅ ላግባ ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ነው። መሬቱ ከቤት እንዳይወጣ።"

"ፈቀድክላቸው?"

"ፈቀድኩ።"

ትንሽ አየችኝ። "ይውለዱ ይክበዱ" አለችና ሕፃኑን ልትቀበል ሄደች።